ፀሐይ በጣሪያ ሥር፦ የኮራል ማሳደጊያ መብራት ታሪክ

ኮራልን በቤት ውስጥ፣ በመስታወት ገንዳ የማሳደግ ሙያ የውሃን ንጽሕና፣ የጨውን መጠንና የሙቀትን ልክ መቆጣጠርን የሚጠይቅ ቢሆንም፣ ከተራው የዓሣ እርባታ የሚለየው ከሁሉ በላይ የብርሃን ጥገኛ በመሆኑ ነው። ኮራል የሚባለው ፍጥረት ፖሊፕ ተብለው የሚጠሩ፣ አፋቸው በጥቃቅን መዳሰሻዎች የተከበበ፣ ለስላሳ ገላ ያላቸው እንስሳት በማኅበር የሚኖሩበት አካል ሲሆን፣ ከእነዚህ ውስጥ ድንጋይ ሠሪ የሆኑት ወገኖች ከባሕሩ ውሃ ካልሲየምና ካርቦኔት እየወሰዱ ከሥራቸው የኖራ ድንጋይ አጽም ያበጃሉ። ሪፍ የሚባለው፣ አንዳንዴም ከአንድ አገር ዳርቻ ጋር ለመቶዎች ኪሎ ሜትሮች የሚዘልቀው የባሕር ውስጥ አለት የዚህ አጽም ክምችት ነው። በፖሊፖቹ ሕዋሳት ውስጥ ደግሞ ዙዛንቴላ የተባሉ፣ ባለ አንድ ሕዋስ የሆኑ ቡናማ አልጌዎች ይኖራሉ፤ እነዚህም በብርሃን ኃይል ከውሃና ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ስኳር የመሥራት ችሎታ፣ ማለትም ፎቶሲንተሲስ፣ ስላላቸው፣ ከሚያመርቱት ምግብ ከፍተኛውን ድርሻ ላስጠጋቸው እንስሳ ይለቃሉ። በመሆኑም ለኮራል መብራት የሚመርጥ ሰው ለኮራሉ ቀለብ እየመረጠ ነው።

ይህ አሁን ለጀማሪ ሁሉ የሚነገር ነገር ቢሆንም፣ እዚህ ድምዳሜ ላይ ለመድረስ ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቷል፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ በገንዳው ላይ ከተሰቀሉት መብራቶች መካከልም እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ አንዱ እንኳ ለኮራል ተብሎ የተሠራ አልነበረም። መብራቱ ከመንገድ፣ ከፋብሪካ፣ ከሕትመት ቤትና ከኤሌክትሮኒክስ ዕቃ በውሰት የተወሰደ ነበር፤ የሚመዘነውም ለብዙ ጊዜ በሰው ዓይን ነበር፤ የሰው ዓይን ደግሞ በዚህ ጉዳይ ክፉ ዳኛ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሙያው የጀመረው ብርሃን በማያስፈልገው ኮራል መሆኑ ከታሪኩ አስገራሚ ገጾች አንዱ ነው። አና ታይን የተባለች እንግሊዛዊት እመቤት በ1846 በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ከምትገኘው የቶርኪ ዳርቻ ትናንሽ ድንጋያማ ኮራሎችን ሰብስባ ወደ ለንደን ወሰደች፤ ባለቤቷ በዌስትሚኒስተር ገዳም ከፍተኛ አገልጋይ ስለነበር ኮራሎቹ የኖሩት በዚያው ግቢ ነው። ውሃው አየር እንዲያገኝ የቤት ሠራተኛዋ በየቀኑ በተከፈተ መስኮት አጠገብ ቆማ ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው ታንቆረቁረው ነበር፤ ቀጥሎም እመቤቲቱ ኦክስጅን የሚሰጡ የባሕር ዕፀዋትን በውሃው ውስጥ በማኖር የሠራተኛዋን ድካም ለመቀነስ ሞከረች። እነዚያ የቀዝቃዛ ባሕር ኮራሎች ግን በሥጋቸው ውስጥ አልጌ የላቸውም፤ የሚኖሩት በመዳሰሻቸው ይዘው በሚመገቡት ሥጋ ብቻ ስለሆነ፣ በመስኮቱ በኩል የሚገባው ብርሃን ለዕፀዋቱ እንጂ ለእነርሱ አልነበረም። ተፈጥሮ ተመራማሪው ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ አኳሪየም የሚለውን ስም ያስለመደውና በ1853 በለንደን የእንስሳት ማቆያ የተከፈተው የሕዝብ የዓሣ ቤት እንዲደራጅ የረዳው ከዚህ በኋላ ነው። በ1845 በእንግሊዝ በመስታወት ላይ የነበረው ግብር መነሳቱም ለዚህ ሁሉ መንገድ ጠርጓል፤ መስታወት ባይረክስ ኖሮ ባሕርን ወደ ሳሎን ማምጣት የመኳንንት ጨዋታ ሆኖ በቀረ ነበር።

የዚያ ዘመን ሰዎች ብርሃንን ይፈሩት ነበር ማለት ይቻላል። በመስኮት አጠገብ የተቀመጠ የባሕር ውሃ ገንዳ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በአረንጓዴ አልጌ ይሸፈናል፤ ስለዚህ ዊሊያም አልፎርድ ሎይድ የተባለው የአኳሪየም አዋቂ በ1871 በለንደኑ ክሪስታል ፓላስ ትልቅ አኳሪየም ሲያቋቁም፣ ከማሳያ ገንዳዎቹ በታች ብርሃን የማይደርሰው ሰፊ የውሃ ማጠራቀሚያ አስቆፈረ፤ ውሃው በጨለማ ውስጥ እየተዘዋወረ ከአልጌ ነጻ ሆኖ እንዲመለስ ነበር ዓላማው። ብልሃቱ ለዓሣና ለሸርጣን በሚገባ ሠርቷል። ከሞቃት ባሕር ለመጣ ኮራል ግን እንዲህ ያለው ቤት መቃብር ነበር፤ የአውሮፓ አኳሪየሞች ከዚያ በኋላ ለበርካታ አሥርት ዓመታት የሪፍ ኮራልን በሕይወት ማቆየት ያልቻሉበት ምክንያት የጉዞው ርዝመት ብቻ ሳይሆን ይኸው ጨለማም ጭምር ነው።

የሪፍ ኮራል እውቀት በአውሮፓ ሲያድግ የነበረው በከፊል ከቀይ ባሕር በሚሄድ ናሙና ነው፤ በዚህም ረገድ የምፅዋ ስም በመዝገቡ ውስጥ ይገኛል። ክርስቲያን ጎትፍሪድ ኤረንበርግና ቪልሄልም ሄምፕሪሽ የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን ተመራማሪዎች ከ1820 ጀምሮ በግብፅ፣ በሲናና በቀይ ባሕር ዳርቻዎች ሲዘዋወሩ ከቆዩ በኋላ ሄምፕሪሽ በ1825 ምፅዋ ላይ በሕመም ሞተ፤ ኤረንበርግ ግን ወደ በርሊን ተመልሶ በ1834 ስለ ቀይ ባሕር ኮራሎች ሰፊ ጥናት አሳተመ። በምፅዋ ደሴት የሚኖረው ሕዝብ በበኩሉ ኮራልን ከማንም በፊት ያውቀው ነበር፤ የምፅዋ የጥንት ቤቶችና መስጊዶች የተገነቡት ከባሕሩ በተቆረጠ የኮራል ድንጋይ ነውና። ያም ሆኖ ቤት ሠሪውም ሆነ ሊቁ የሚያውቁት የኮራሉን አጽም ነበር፤ ሕያው ሥጋውን ምን እንደሚመግበው ጥያቄ ሆኖ የቀረበው በኋላ ነው።

ጥያቄውን ያነሳው ካርል ብራንት የተባለ ጀርመናዊ ነው። ብራንት በ1881 በተለያዩ የባሕር እንስሳት ሥጋ ውስጥ የሚታዩት ቢጫ ሕዋሳት የእንስሳው አካል ሳይሆኑ ራሳቸውን የቻሉ አልጌዎች መሆናቸውን ገልጾ የዙዛንቴላን ስም ሰጣቸው፤ እንስሳውም ከእነርሱ ምግብ ያገኛል የሚል ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ ትክክል ቢሆንም ወዲያው አልጸናም። ከ1928 እስከ 1929 በአውስትራሊያው ታላቁ ባሪየር ሪፍ፣ ሎው አይልስ በተባሉ ትናንሽ ደሴቶች ላይ የሠፈረውና በሞሪስ ዮንግ የተመራው የብሪታንያ የምርምር ቡድን ኮራሎችን ብርሃን በማያስገባ ሣጥን ውስጥ አኑሮ ሲመለከት፣ እንስሶቹ አልጌያቸውን እያጡ ቢነጡም ሥጋ እስከተሰጣቸው ድረስ በሕይወት እንደሚቆዩ፣ ሲራቡ ደግሞ አልጌዎቹን ከመብላት ይልቅ ከሰውነታቸው እንደሚያወጧቸው አየ። ዮንግም ኮራል ፍጹም ሥጋ በል ነው፣ አልጌው የእንስሳውን ቆሻሻ ከማስወገድ ያለፈ ጥቅም የለውም ወደሚል መደምደሚያ ደረሰ። የሙከራው አሠራር የተጠነቀቀ፣ የአዘጋገቡም ሁኔታ የሚደነቅ ነበር፤ የጎደለው በብርሃን ያለ ኮራል ምን ያህል እንደሚያድግ ከሣጥኑ ጋር አስተያይቶ መለካት ነበር፤ አለመሞትና ማደግ የተለያዩ ነገሮች ናቸውና።

የዮንግ ስምና ክብር ከባድ ስለነበር ሳይንሱ ወደ ብራንት እስኪመለስ ወደ ሠላሳ ዓመት ፈጀ። ሲሮ ካዋጉቲ የተባለው ጃፓናዊ በፓላው ደሴቶች በነበረው የጃፓን ሞቃት ባሕር ምርምር ጣቢያ ስለ ኮራልና ብርሃን ግንኙነት ሲያጠና ቆይቶ፣ በ1944 ዙዛንቴላ ዳይኖፍላጀሌት ከተባለው የአልጌ ወገን መሆኑን አመለከተ። ከጦርነቱ በኋላ ጨረር አመንጪ የሆኑ ንጥረ ነገሮችን እንደ ምልክት መጠቀም ሲቻል ደግሞ ነገሩ በቁጥር መታየት ጀመረ። በአሜሪካ ሌናርድ መስካቲንና ካዴት ሃንድ በ1958 ጨረር ባለው ካርቦን ተጠቅመው አልጌው የሠራው ምግብ ወደ እንስሳው ሥጋ ሲሻገር አሳዩ፤ በጃማይካ ይሠራ የነበረው ቶማስ ጎሮው ደግሞ በ1959 ጨረር ያለው ካልሲየም በአጽሙ ላይ የሚጋገርበትን ፍጥነት በመለካት፣ ኮራል በብርሃን ውስጥ ከጨለማ ይልቅ እጥፍ ድርብ በሆነ ፍጥነት ድንጋይ እንደሚሠራ አረጋገጠ። ምክንያቱ ዛሬም አከራካሪ ነው፤ አልጌው ካርቦን ዳይኦክሳይድን ስለሚወስድ የኖራው መጋገር ይቀላል የሚል አለ፣ ኃይልና ኦክስጅን ስለሚሰጥ ነው የሚልም አለ። ለአሳዳጊው ግን ውጤቱ ይበቃው ነበር፦ ብርሃን ከሌለ ምግብ ብቻ ሳይሆን አጽምም የለም።

በዚሁ ዘመን ፀሐይ ያልጎደለባቸው ሁለት ቦታዎች ከቤተ ሙከራው ቀድመው ሄደዋል። አንደኛው በ1956 በኒው ካሌዶኒያ፣ ኑሜያ ላይ በረኔ ካታላ የተከፈተው አኳሪየም ነው፤ ካታላ ውሃውን በቀጥታ ከባሕር እያስገባ፣ ብርሃኑንም ከሰማይ እየተቀበለ ሕያው ኮራሎችን ለሕዝብ አሳየ። ሁለተኛው የጃካርታው ሊ ቺን ኤንግ ነው። ይህ ሰው በ1961 በአንድ የአሜሪካ የአኳሪየም መጽሔት ላይ ያሰፈረው ዘዴ ከቀላልነቱ የተነሣ ብዙዎችን አጠራጥሯል፤ ማጣሪያ የለም፣ ኬሚካል የለም፣ ያለው ከሪፍ ከነነፍሳቱ የተነሣ ድንጋይ፣ ቀስ ብሎ የሚወጣ የአየር አረፋና የምድር ወገብ ፀሐይ ነው። ዘዴውን በአውሮፓና በአሜሪካ የሞከሩት አብዛኞቹ አልተሳካላቸውም፤ ድንጋዩንና አረፋውን መቅዳት ቢቻልም ፀሐዩን መቅዳት አልተቻለም ነበርና። ሊ ቺን ኤንግ ለሙያው አስተዋጽኦ ካበረከቱት ሰዎች ሁሉ የሚገባውን ምስጋና ያላገኘ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚሠራበት የሕያው ድንጋይ አሠራር በመሠረቱ የእርሱ ነው።

ፀሐይ ለሌላቸው አገሮች የመጀመሪያው ውሰት ፍሎረሰንት ነበር። ይህ መብራት በ1938 በአሜሪካ ገበያ ላይ የዋለው ለቢሮና ለፋብሪካ ተብሎ ሲሆን፣ በመስታወት ቱቦ ውስጥ ያለው የሜርኩሪ ትነት የሚያመነጨውን አልትራቫዮሌት ጨረር፣ ማለትም ከሐምራዊ ባሻገር ያለውንና ዓይን የማያየውን ጨረር፣ በቱቦው ውስጠኛ ገጽ የተቀባው ዱቄት ወደሚታይ ብርሃን ይለውጠዋል። ሙቀቱ አነስተኛ፣ ዋጋውም ተመጣጣኝ ስለነበር ለገንዳ ተስማሚ ሆነ፤ ፒተር ቪልከንስ በ1973 ስለ ሞቃት ባሕር አከርካሪ አልባ እንስሳት አያያዝ ባሳተመው መጽሐፍ ብዙ ለስላሳ ኮራሎችን ማኖር እንደሚቻል አሳየ፤ የኖራ ውሃ በመጨመር የካልሲየምን ጉድለት የመተካትን ልማድም ያስፋፋው እርሱ ነው። ነገር ግን የፍሎረሰንት ብርሃን ከሰፊ ገጽ የሚበተን በመሆኑ ወደ ገንዳው ጥልቀት በወረደ ቁጥር ይሳሳል፤ ድንጋይ ሠሪዎቹ፣ በተለይም አክሮፖራ የተባለው ቅርንጫፋማ ወገን፣ በእርሱ ሥር እየጠወለጉ ቀሩ።

መፍትሔው በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ ከምዕራብ በርሊን መጣ። በከተማይቱ የነበሩ አማተር አሳዳጊዎች፣ በተለይም ዲትሪሽ ሽቱበር፣ የሊ ቺን ኤንግን ሕያው ድንጋይ ከሁለት ነገሮች ጋር አጣመሩት፦ በጥቃቅን የአየር አረፋ የውሃውን ቆሻሻ ወደ ላይ ገፍቶ ከሚያወጣ የአረፋ ማጣሪያና ከሜታል ሃላይድ መብራት። ሜታል ሃላይድ በኢትዮጵያ ከተሞች ፓውዛ እየተባለ በሚጠራው ኃይለኛ መብራት ውስጥ ከሚገኙት ዓይነቶች አንዱ ነው። ሐሳቡን ቻርልስ ስታይንሜትስ በ1912 የባለቤትነት መብት አውጥቶበት የነበረ ቢሆንም በሥራ ላይ የዋለው በ1960ዎቹ ነው፤ በትንሽ የኳርትዝ ቱቦ ውስጥ ከሜርኩሪ ጋር የተጨመሩት የብረታ ብረት ጨዎች በኤሌክትሪክ ቅስት ሲተኑ፣ የእያንዳንዱ ብረት ቀለም ተደምሮ ከቀን ብርሃን ጋር የሚቀራረብ ኃይለኛ ነጭ ብርሃን ይሰጣል። አደባባይን፣ ስታዲየምንና የሱቅ መስኮትን እንዲያበራ የተሠራው ይህ መብራት በገንዳ ላይ ሲሰቀል ብርሃኑ ከአንድ ነጥብ ስለሚወጣ ወደ ታች ጠልቆ ይገባል፤ የውሃው ማዕበልም በአሸዋው ላይ እንደ ባሕሩ ሁሉ የሚንቀሳቀስ የብርሃን መረብ ይሠራል። በዚህ ብርሃን አክሮፖራ ማደግ ብቻ ሳይሆን መቆረጥና መባዛት ጀመረ፤ ከሽቱበር ገንዳ የወጡ ቁራጮች ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፉ በአውሮፓ አገሮች ተሠራጩ። የአንድ ኮራል ዝርያ በስጦታ ከቤት ወደ ቤት ተላልፎ በአንድ ሰው ስም ሲታወቅ ይህ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ሳይሆን አይቀርም።

ዋጋ ግን ነበረው። ባለ 250 ወይም ባለ 400 ዋት አንድ አምፖል ውሃውን ስለሚያሞቅ ብዙዎች የውሃ ማቀዝቀዣ ለመግዛት ተገደዱ፤ የኤሌክትሪክ ሂሳቡም ቀላል አልነበረም። ከዚህም በላይ የኳርትዙ ቱቦ አልትራቫዮሌትን አያግድም፤ መከላከያ መስታወት ባልነበራቸው መብራቶች ሥር ኮራሎች ተቃጥለዋል። አምፖሉ ከመጥፋቱ በፊት የብርሃኑ ቀለምና ጉልበት ስለሚለወጥ በዓመት ገደማ መቀየር ነበረበት፤ ለሰው ዓይን ግን አሮጌውም አዲሱም አንድ ነበር።

እዚህ ላይ የልኬት ጉዳይ ይነሣል። ለረዥም ጊዜ አሳዳጊዎች ይመሩ የነበሩት በሁለት መለኪያዎች ነበር፦ በሉክስና በኬልቪን። ሉክስ ብርሃን ለሰው ዓይን የሚሰማበትን ድምቀት የሚለካ በመሆኑ፣ ዓይን ከሁሉ አብልጦ ለሚያየው፣ የሞገድ ርዝመቱ 555 ናኖሜትር አካባቢ ለሆነው ቢጫማ አረንጓዴ ብርሃን ያዳላል፤ ሰማያዊውን ይንቃል። ኬልቪን ደግሞ የብርሃኑን የቀለም ዝንባሌ የሚናገር ሲሆን፣ 5,500 አካባቢ የቀትር ፀሐይን፣ 10,000 ቀዝቃዛ ነጭን፣ 20,000 ጥርት ያለ ሰማያዊን ያመለክታል፤ ስለ መጠን ግን ምንም አይልም። አልጌው የሚቆጥረው ሌላ ነገር ነው፦ ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ባለው ክልል ውስጥ በአንድ ሴኮንድ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፉትን የብርሃን ቅንጣቶች፣ ማለትም ፎቶኖችን። ይህ የሚለካው በማይክሮሞል ሲሆን የሐሩር አካባቢ የቀትር ፀሐይ በባሕር ገጽ ላይ ወደ 2,000 ይደርሳል። ሆኖም ኮራል ይህን ሁሉ አይፈልግም፤ ከተወሰነ መጠን በላይ አልጌው ይጠግባል፣ ከዚያም ካለፈ ይጎዳል። በአሳዳጊዎች ዘንድ የጸናው ልምድ ለለስላሳና ትልልቅ ፖሊፕ ላላቸው ኮራሎች ከ50 እስከ 150፣ ለአክሮፖራና ለመሰሎቹ ከ200 እስከ 350 የሚሆን ማይክሮሞል በቂ ነው የሚል ነው። በአሜሪካ ዳና ሪድልና የፔንሲልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲው ሳንጄይ ጆሺ ከ1990ዎቹ ጀምሮ በገበያ ላይ ያሉትን መብራቶች አንድ በአንድ እየለኩ ውጤቱን ማሳተማቸው ሙያውን ከግምት ያወጣ ሥራ ነበር፤ ከማንኛውም አዲስ አምፖል መፈልሰፍ ይልቅ የሚበልጥ ጥቅም ያስገኘው ይህ ትዕግሥት የሚጠይቅ መለካት ነው ለማለት ይቻላል።

የቀለሙ ጉዳይ ከመጠኑ ጋር ተጣምሮ የራሱን መንገድ ሄዷል። ንጹሕ የባሕር ውሃ ቀዩን ብርሃን በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሜትሮች ውስጥ ሲውጠው ሰማያዊው ግን ወደ ጥልቁ ይዘልቃል፤ በዙዛንቴላ ውስጥ ያሉት ክሎሮፊልና ፔሪዲኒን የተባሉት ቀለማማ ንጥረ ነገሮችም ሰማያዊውንና ሰማያዊ አረንጓዴውን አጥብቀው የሚይዙ ናቸው። በመሆኑም ሰማያዊ ብርሃን ለኮራል የተፈጥሮ ድርሻው ነው። ነገር ግን ሰማያዊ መብራት ገበያውን የያዘው በዚህ ምክንያት ብቻ አይደለም። የኑሜያው ካታላ በ1950ዎቹ መጨረሻ ከጥልቅ ቦታ የወጡ ኮራሎችን በጨለማ ክፍል በአልትራቫዮሌት መብራት ሲያያቸው፣ አረንጓዴ፣ ብርቱካንማና ቀይ ሆነው ሲያንጸባርቁ አገኛቸው፤ ይህ ፍሎረሰንስ የሚባለው፣ አንድ አካል አጭር የሞገድ ርዝመት ያለውን ብርሃን ተቀብሎ ረዘም አድርጎ የሚመልስበት ሁኔታ ነው። ለሕትመትና ለንድፍ ማባዣ የሚሠሩ፣ ጉልበታቸው በ420 ናኖሜትር አካባቢ የተከማቸ አክቲኒክ የተባሉ ሰማያዊ ቱቦዎች በ1980ዎቹ ወደ ገንዳ ሲመጡ ይኸው ድምቀት በየሳሎኑ ታየ፤ ገዢውም ስለ ዕድገት ሳይሆን ስለ ውበት ሰማያዊን መምረጥ ጀመረ። ወደ ፀሐይ በሚቀርበው የ6,500 ኬልቪን አምፖል ሥር ኮራሎች ፈጥነው ሲያድጉ የተመለከቱ አሳዳጊዎች ብዙ ነበሩ፤ ሆኖም ኮራሎቹ ቡናማና ደብዛዛ መስለው ስለሚታዩ አምፖሉን ወደ 10,000ና ወደ 20,000 ቀየሩት። በዚህ ሙያ ውስጥ የእንስሳው ጥቅምና የተመልካቹ ደስታ ሁልጊዜ አንድ አለመሆናቸው እዚህ ላይ በግልጽ ይታያል።

ያም ሆኖ የቤት ውስጥ ገንዳ ድምቀት ለሳይንስ ያልታሰበ ስጦታ ሰጥቷል። በ1990ዎቹ መጨረሻ የሞስኮ ተመራማሪዎች፣ ከእነርሱም ዩሊ ላባስ፣ ሚካኤል ማትስና ሰርጌይ ሉክያኖቭ፣ ብርሃን ከማያመነጩ ኮራሎች የሚያንጸባርቅ ፕሮቲን ለማግኘት ሲነሡ፣ ወደ ውቅያኖስ ከመጓዝ ይልቅ በዚያው በበረዷማዋ ከተማ በአኳሪየም አፍቃሪዎች እጅ ያሉትን ኮራሎች ተጠቀሙ። በ1999 ካሳተሟቸው ፕሮቲኖች መካከል ዲስኮሶማ ከተባለው እንጉዳይ መሰል የኮራል ዘመድ የተገኘው ቀዩ ፕሮቲን፣ በሕያው ሕዋስ ውስጥ የሚካሄደውን ነገር በቀለም ለይቶ ለማየት በዓለም ቤተ ሙከራዎች ሁሉ የሚሠራበት መሣሪያ ሆነ። በ2000 ደግሞ በአውስትራሊያ አንያ ሳሊህና ባልደረቦቿ እነዚህ ፕሮቲኖች ለኮራሉ ከኃይለኛ ፀሐይ መጠለያ ጥላ ሆነው እንደሚያገለግሉ የሚያሳይ ጥናት አወጡ። ስለዚህ በደማቅ ብርሃን ሥር ኮራል ሮዝና ሐምራዊ ሲሆን አሳዳጊው የሚያደንቀው ቀለም ቢያንስ በከፊል የመከላከያ ልብስ ነው።

ወደ መብራቱ ታሪክ ስንመለስ፣ አሜሪካውያን ኮራልን በቤት ውስጥ የማሳደግን ሙያ በብዛት የተቀበሉት ጆርጅ ስሚት የተባለ ጸሐፊ በ1986 የደች አሳዳጊዎችን አሠራር በተከታታይ መጣጥፎች ካስተዋወቀ በኋላ ነው፤ ቻርልስ ዴልቢክና ጁልያን ስፕረንግ በ1994 ያወጡት የመጀመሪያ ቅጽ መጽሐፍም የበርሊኑን ዘዴ የብዙኃኑ አደረገው። ቀጥሎ የመጣው ውፍረቱ 16 ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነው፣ ቲ ፋይቭ የሚባለው ቀጭን ፍሎረሰንት ለእያንዳንዱ ቱቦ የተለየ አንጸባራቂ ስለተደረገለት ሜታል ሃላይድን ለመገዳደር በቃ፤ ብርሃኑን ያለ ጥላ በእኩል ስለሚያሠራጭ ዛሬም የማይለቁት አሉ።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ከጃፓን ነው። ኤልኢዲ ከሚባሉት ጥቃቅን የኤሌክትሮኒክስ መብራቶች ቀዩ በ1962 በኒክ ሆሎንያክ ቢሠራም ደማቅ ሰማያዊው እስኪገኝ ሠላሳ ዓመት አለፈ፤ በኒቺያ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ሹጂ ናካሙራ በ1993 ይህን አሳካ፤ ከኢሳሙ አካሳኪና ከሂሮሺ አማኖ ጋርም በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ለነጭ አምፖልና ለስልክ ስክሪን መሠረት የሆነው ይህ ሰማያዊ ብርሃን፣ ብዙውን ጊዜ 450 ናኖሜትር አካባቢ የሚወድቅ በመሆኑ፣ ዙዛንቴላ ከሚፈልገው ጋር የተገናኘው እንዲያው በአጋጣሚ ነው። ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ለገንዳ የተሠሩ የኤልኢዲ መብራቶች ገበያ ላይ ዋሉ፤ ከውሰት ዘመን በኋላ በእውነት ለኮራል ተብለው የተነደፉ መብራቶች እነዚህ ናቸው ማለት ይቻላል።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ግን የኪሳራ ዓመታት ነበሩ። በሜታል ሃላይድ ሥር ለዓመታት የኖሩ ኮራሎች ኤልኢዲ ከተሰቀለ በኋላ በቀናት ውስጥ ነጡ፤ መንጣት ማለት ኮራሉ በጭንቀት አልጌውን አውጥቶ ነጩ አጽም በሥጋው በኩል ሲታይ ነው። ብዙዎች አዲሱ መብራት ደካማ ስለሆነ ነው ብለው ጉልበቱን ጨመሩት፤ እውነታው ተቃራኒው ነበር። ሰማያዊው ብርሃን ለዓይን ደብዛዛ ስለሚመስል ባለቤቶቹ ሳያውቁት ኮራሉ ከሚችለው በላይ ፎቶን ያዘንቡበት ነበር፤ የልኬት መሣሪያ የገዙት ብቻ ነገሩን ቶሎ ተረዱ። ከዚህ የተነሣ አሁን የጸናው አሠራር አዲስ መብራትን በዝቅተኛ ጉልበት ጀምሮ በሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ ማሳደግ፣ አዲስ ኮራልንም ከገንዳው ወለል አስጀምሮ ወደ ላይ ማውጣት፣ ሙሉውን ብርሃንም በቀን ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ገደማ መወሰን ነው። ሌላው ጉድለት የጥላ ነበር፤ ከጥቂት ነጥቦች የሚወጣ ብርሃን የቅርንጫፎቹን ሥር ጨለማ ውስጥ ስለሚተው የታችኛው ሥጋ ይሞታል፤ ለዚህም ነው አንዳንዶች ኤልኢዲን ከቲ ፋይቭ ጋር አጣምረው የሚሰቅሉት። ይህ የሽግግር ዘመን ልማድ ይመስላል እንጂ ከማንኛውም የተራቀቀ ዕቃ ያልተናነሰ ውጤት ይሰጣል።

ኤልኢዲ ከቀደሙት የሚለይበት ዋናው ነገር ግን ብርሃኑ ሳይሆን ታዛዥነቱ ነው፤ ሜታል ሃላይድ ይበራል ወይም ይጠፋል፣ ኤልኢዲ ግን ከንጋት እስከ ምሽት በደቂቃ ልክ ሊመጠን፣ ሌሊት ደግሞ የጨረቃን ያህል ሊደበዝዝ ይችላል። በርካታ ኮራሎች እንቁላልና የዘር ፍሬ ወደ ውሃው የሚለቁት በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከሙሉ ጨረቃ በኋላ ባሉ ጥቂት ሌሊቶች መሆኑ በሳይንስ መጽሔት የታተመው በ1984፣ ከታላቁ ባሪየር ሪፍ በተገኘ ጥናት ነው። ለንደን የሚገኘው የሆርኒማን ሙዚየም ጄሚ ክራግስ በሚመራው ፕሮጀክት የባሕሩን የዓመት ሙቀት፣ የቀኑን ርዝመትና የጨረቃን መውጫና መግቢያ በኮምፒዩተርና በኤልኢዲ አስመስሎ፣ የአክሮፖራ ኮራሎች በዝግ ገንዳ ውስጥ በተጠበቀው ወቅት ዘራቸውን እንዲለቁ አደረገ፤ የአሠራሩም ዝርዝር በ2017 ታተመ። በዚህ መንገድ የሠራው የፍሎሪዳ አኳሪየም በነሐሴ 2019 በአትላንቲክ በመጥፋት ላይ የሚገኘውን ዓምድ መሰል ኮራል በቤተ ሙከራ ውስጥ ዘር አስለቀቀ፤ በዚያ ባሕር የሚኖር ኮራል እንዲህ ሲደረግ የመጀመሪያው ነበር። የዚህ ዝርያ ኮራሎች በፍሎሪዳ ሪፍ ላይ እርስ በርስ ተራርቀው ከመቅረታቸው የተነሣ ዘራቸው በውሃው ውስጥ መገናኘት ባለመቻሉ፣ ከተለቀቀው ዘር የተፈለፈሉት እጮች የተገኙት በሰው ሠራሽ ጨረቃ ሥር ነው።